ጨለም ባለ ቤትና ዳስ ውስጥ ለቡድን ፎቶ የትኛው መብራት ያዋጣል?

የጥር ሰርግ ነው። ዳሱ በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ ሰማያዊ ሸራ ለብሷል። ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ቆመዋል፤ ከሁሉም ኋላ ወንበር ላይ የወጡ የአጎትና የአክስት ልጆች አሉ። የካሜራዋ ፍላሽ ቦግ ስትል የጋቢው ሽመና ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይመስላል፣ ወንበር ላይ የወጡት ፊታቸው ይጠቁራል፣ የዳሱ ጥግ ሰማያዊ ይሆናል። ባለሰርጉ "ካሜራው አይረባም" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የካሜራው ሳይሆን መብራቱ የቆመበት ቦታ ነው።

ገበያ ላይ ያለው አማራጭ ያደናግራል። ሪንግ ላይት፣ የቪዲዮ ኤልኢዲ፣ ፓውዛ፣ ማንዋል ፍላሽ፣ የስቱዲዮ ፍላሽ፤ ሻጩ ለሁሉም "ለሰርግ የሚወስዱት ይሄን ነው" ይላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከ8 እስከ 25 ሰው ያለበትን ፎቶ ጨለም ባለ ቦታ ለሚያነሳ፣ ገንዘቡም ለአንድ ወይም ለሁለት ዕቃ ብቻ ለሚበቃው ነው። ለአንድ ሰው ፎቶ የሚመረጠው መብራት ሌላ ነው፤ እዚያ ያማረው እዚህ ብዙ ጊዜ ያሳፍራል።

ዋጋውን በብር አላስቀመጥንም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ መወሰን ስለጀመረ ዛሬ የተጻፈ የካሜራ ዕቃ ዋጋ ከርሞ አይሠራም። በምትኩ የአንድ አዲስ ማንዋል ፍላሽ ዋጋን "1" ብለን ሌላውን በእሱ ሰፍረናል። ማንዋል ፍላሽ ስንል ጎዶክስ ቲቲ600ን ወይም ዮንግኑዎ 560ን የመሰለ፣ ኃይሉን ራሳችሁ የምትመርጡለት ማለታችን ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሱቅ ገብታችሁ የእሱን ዋጋ ከጠየቃችሁ የቀረውን በግምት ማስላት አያቅትም።

## መመዘኛዎቹ

የኋለኛው ረድፍ ላይ የሚደርሰው ብርሃን። "50 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ሌንስ አለኝ፣ መብራት ምን ያደርግልኛል?" የሚል ብዙ ነው። ለአንድ ሰው ልክ ነው። (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል።) ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ) አነስተኛ በሆነ ካሜራ፣ ማለትም አብዛኛው ሰው በያዘው ዓይነት፣ ይህን ሌንስ ኤፍ/1.8 ከፍታችሁ 5 ሜትር ላይ ስታነሱ ጠርቶ የሚወጣው ጥልቀት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሦስት ረድፍ ሰው ግን ከፊተኛው ሽማግሌ ጉልበት እስከ ኋለኛው ልጅ ግንባር ድረስ ሜትር ተኩል ይወስዳል። ወደ ኤፍ/5.6 ስትዘጉት ጥልቀቱ 2 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ሁሉ ኤፍ/5.6 ላይ የቆመ ነው።

አንድ አምፖል በሚበራበት ሳሎን ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከ100 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በታች ነው። 80 ሉክስ ብንል፣ በኤፍ/5.6 እና በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/30 ሰከንድ ላይ ይወድቃል፤ 20 ሰው ለ1/30 ሰከንድ ሁሉም ሳይንቀሳቀስ አይቆምም። ሹተሩን 1/60፣ አይኤስኦውን 1600 ለማድረግ ወደ 300 ሉክስ ያስፈልጋል። ይህችን 300 ያዙ፤ ቋሚ መብራት ሁሉ የሚመዘነው በእሷ ነው።

የፊትና የኋላው ልዩነት። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ሩብ ይሆናል። መብራቱ ከፊተኛው ረድፍ 2 ሜትር፣ ከኋለኛው 3 ሜትር ተኩል ቢርቅ የፊተኛው ረድፍ ሦስት እጥፍ ብርሃን ያገኛል። መብራቱን አርቃችሁ 5 እና 6 ሜትር ተኩል ብታደርጉት ልዩነቱ ወደ 1.7 እጥፍ ይወርዳል። ከፊት ነጭ ጋቢ፣ ከኋላ የጠይም ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይደረባል፤ ጋቢው ራሱ ከጠይም ፊት ይልቅ ብዙ እጥፍ ብርሃን ይመልሳል። እኛ አገር የቡድን ፎቶ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ለዚህኛው ክብደት ሰጥተናል።

ኤሌክትሪክ። መብራት ከጠፋ ዕቃው ይሠራል ወይስ አይሠራም? ግማሽ ቀን ከመንገድ ወጥቶ ገጠር ለሚሠራ ይህ መመዘኛ ብቻውን ሦስት አማራጮችን ይጥላል።

ቀለም፣ ጊዜና ጓዝ። የፊት ቀለም እንዳይበላሽ፣ ተከላው ከ5 ደቂቃ እንዳያልፍ፣ ዕቃው ባጃጅ ውስጥ እንዲገባ። ሙሽራ ይጠብቃል፤ ሽማግሌ ግን አይጠብቅም።

## በርና መስኮት፣ ከነጭ ጨርቅ ጋር

ዋጋው ዜሮ ነው፤ ቀን ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚሞከር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ "ለምን ውስጥ እናነሳለን?" የሚል ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት በረንዳ ወይም የቤቱ ጥላ ብዙ ሺህ ሉክስ አለው።

ውስጥ ማንሳት ግድ ከሆነ የዳሱን ሸራ ፀሐይ በማያርፍበት ጎን በኩል ፈታችሁ 3 ሜትር ያህል ወደ ላይ ጠቅልሉት። ሰዎቹን ፊታቸውን ወደ ክፍቱ አዙራችሁ ከ2 እስከ 3 ሜትር ገባ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ እናንተ ከዳሱ ውጭ ቁሙ። ጭቃ ቤት ከሆነ በሩን ክፈቱ፤ ግን በሩ ላይ እንዳትቆሙ። በሩ መብራታችሁ ነው፤ ደረታችሁ ግማሹን ይሸፍነዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ ወጥታችሁ በርከክ በሉ።

አንዱ ጎን ከጠቆረ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ነጭ አቡጀዲ በሁለት እንጨት ወጥራችሁ በጠቆረው ጎን አቁሙት። በጥላሸት የጠቆረ የሣር ክዳንና ቡናማ ግድግዳ ብርሃን ይውጣሉ፤ አቡጀዲው ይመልሳል።

ድክመቱ ሁለት ነው። ማታ የለም፤ በክረምት ደግሞ ሰማዩ ሲጠቁር ከረፋዱ 4 ሰዓትም እንደ ምሽት ይሆናል። ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ሸራ ሥር ደግሞ ከላይ የሚመጣው ብርሃን ቀለሙን ይዞ ይወርዳል፤ የካሜራውን የነጭ ሚዛን (የቀለም ማስተካከያውን) በነጠላ ላይ ለክታችሁ ብታስተካክሉትም ከክፍቱ የሚገባው ንጹሕ ብርሃን ጋር ሲጋጭ ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ደህና ይሆናል። መድኃኒቱ ሰዎቹን ወደ ክፍቱ ይበልጥ ማስጠጋት ነው።

## የካሜራዋ ብቅ ባይ ፍላሽ

ሰው እንደሚያማት አይደለችም። መሪ ቁጥሯ (የጉልበቷ መለኪያ፤ በኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል የምትደርስበትን ርቀት ይሰጣል) በአይኤስኦ 100 ወደ 12 ሜትር ነው፤ አይኤስኦውን 800 ስታደርጉት በኤፍ/5.6 እስከ 6 ሜትር ትደርሳለች። ችግሯ ጉልበት ሳይሆን ሌንሱ ላይ ተለጥፋ መቀመጧ ነው። ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ዓይን ይቀላል፣ ሰውዬው ከግድግዳ ከተጠጋ ጥቁር ጥላ ይለጠፍበታል። ሌሎቹ መብራቶች ከፍ ማለት ይችላሉ፤ እሷ አትችልም።

ሌላ ከሌለ እንዲህ አድርጉ፦ የሌንሱን ኮፍያ አውልቁ፤ ካልወለቀ ፎቶው ታች ላይ ግማሽ ክብ ጥላ ይወጣል። ከ5 ሜትር አካባቢ ሆናችሁ በዙም አቅርቡ፤ ረድፎቹን አጠጋጉ። ከፊቷ ሶፍት ወይም ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ መለጠፍ ብርሃን ከመቀነስ በቀር ጥላ አያለሰልስም፤ ጥላ የሚለሰልሰው መብራቱ ሲሰፋ ነው፣ ጣት የምታህል ፍላሽ ደግሞ በሶፍት አትሰፋም።

## ሪንግ ላይትና ትንንሽ ኤልኢዲ

ለቡድን አይሁን። 10 ዋት የሆነ ሪንግ ላይት 4 ሜትር ላይ 20 ሉክስ እንኳ አይሞላም፤ የምንፈልገው 300 ነው። ካሜራ አናት ላይ የሚቀመጠው የቪዲዮ ኤልኢዲም ቢበዛ ከ50 እስከ 60 ሉክስ ቢሰጥ ነው። መነጽር ያደረገ ሰው ካለ ደግሞ ዓይኑ ላይ ቀለበት ይወጣል።

60 ዋት የሆነው፣ ትልቅ ማንጸባረቂያ ያለው ኤልኢዲ ሌላ ነው፤ 4 ሜትር ላይ 250 ሉክስ አካባቢ ይደርሳል። ነገር ግን ዋጋው የሁለት ፍላሽ ያህል ነው፣ ሶኬት ይፈልጋል፣ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ስታለብሱት ብርሃኑ ክፉኛ ይቀንሳል። ቪዲዮም የሚሠራ ሰው ይግዛው።

## ፓውዛ

የግንባታ ሥራና የግቢ መብራት የሚሆነው ኤልኢዲ ፓውዛ በየከተማው ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለ፤ ከካሜራ ዕቃ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። 100 ዋት የተጻፈበት፣ ዋቱም እውነተኛ ከሆነ፣ 4 ሜትር ላይ 180 ሉክስ ያህል ይሰጣል። ሁለት ጎን ለጎን ሲበሩ 350 ሉክስ ይጠጋሉ፤ ያቺን 300 አለፍናት ማለት ነው። በስልክ ለሚያነሳ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ስልክ ከማንዋል ፍላሽ ጋር አይናበብምና።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን ብዙ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ፓውዛ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በዓይን አይታይም፣ በፎቶ ግን አግድም ጥቁር ጥብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉ፤ 1/125 እና 1/160 ላይ ነው የሚያስቸግረው። ቀለሙ ላይም ቀይ ስለሚያንሰው ጠይም ፊት አመድ መሰል ይሆናል። ሱቅ ውስጥ አብርታችሁ የእጃችሁን መዳፍ በስልክ አንሱት፤ መዳፉ ሕይወት የሌለው ከመሰለ ሌላ አስወጡ።

ሰውን ዓይን ያስጨፍናል። ስለዚህ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ስቀሉት፣ ከመነሣቱ በፊት ለአንድ ደቂቃ ይብራ፣ "አይናችሁን ጨፍኑ፣ በሦስት ክፈቱ" በሉ።

500 ዋት ሃሎጅን የሆነው አሮጌው ፓውዛ ዳስ ውስጥ አይግባ። ሙቀቱ ሸራ ያቀልጣል፣ ደረቅ ቅጠል ያነዳል። ሁለቱ በአንድ ኤክስቴንሽን ሲሰኩ 4 አምፔር ተኩል ይስባሉ፤ ገመዱ ቀጭን ሆኖ ተጠምጥሞ ከተቀመጠ ይግላል። ለኤልኢዲውም ቢሆን ገመዱን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፤ ከጉዝጓዙ ሥር ግን አታሳልፉት። ቄጠማው ሲሸፍነው አይታይም፣ ጠላ የያዘች ልጅ ትጠለፍበታለች፣ ፓውዛውም ይከተላል። በጎን በኩል በእንጨቱ ላይ አስራችሁ አሳልፉት።

## ማንዋል ፍላሽ ካሜራ ላይ፣ ወደ ኮርኒስ

ከዚህ ጀምሮ ነው ገንዘብ ማውጣት የሚያዋጣው። ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰክታችሁ አናቱን ወደ ላይና ጥቂት ወደ ኋላ ስታዘነብሉት መብራታችሁ ፍላሹ መሆኑ ቀርቶ ኮርኒሱ ይሆናል፤ ኮርኒስ ደግሞ ሰፊ ነው። የፊትና የኋላው ረድፍም ልዩነት ይጠባል።

መነሻ ቁጥር፦ ኤፍ/5.6፣ 1/125፣ አይኤስኦ 800፣ ፍላሹ በ1/2 ኃይል። ኮርኒሱ ከ3 ሜትር በላይ ከሆነ ሙሉ ኃይል። ዓይን ሥር ጥላ ከገባ ከፍላሹ አናት ላይ የምትሳበዋን ነጭ ካርድ አውጡ።

የሚሠራው ግን ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ብቻ ነው። ከተሰፋ ማዳበሪያ የተሠራ ቀለም ያልተቀባ ኮርኒስ ቢጫ ብርሃን ይመልሳል። አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ ሙሽራዋን የታመመች ያስመስላታል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ብርሃኑን በመስመር በመስመር ይበትነዋል። ሰማያዊ ዳስ ውስጥ ደግሞ ፍላሹን ወደ ሸራው መተኮስ ሰማያዊ መብራት እንደ መግዛት ነው። የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ኮርኒስም ከፍታው ስለሚበዛ ብርሃኑ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ይህ ዘዴ የከተማ ሳሎን ዘዴ ነው።

## ማንዋል ፍላሽ ከስታንድና ጃንጥላ ጋር

የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ፍላሹ ከካሜራው ሲለይ ከፍታውንና ርቀቱን እናንተ ታዛላችሁ፤ የጋቢውም ጣጣ የሚፈታው በከፍታ ነው።

የሚያስፈልገው፦ አንድ ፍላሽ፣ ስታንድ፣ ጃንጥላና ፍላሹን የሚይዝ ማጠፊያ፣ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያስተኩስ)፣ 8 ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ። ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ወደ 1 ሜትር የሚሰፋ ጃንጥላ ይበቃል።

አቋቋሙ እንዲህ ነው። ስታንዱን ከካሜራው ጎን 1 ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጋችሁ፣ ከሰዎቹ ከ4 እስከ 5 ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። ከፍታው 2 ሜትር ተኩል ይሁን። ርካሹ ስታንድ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር አይሞላም፤ ሳትገዙ ዘርግታችሁ ለኩት፣ ካልሆነ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና አስራችሁ አስረዝሙት። የፍላሹን ዙም 24 ወይም 35 ላይ አድርጉ፣ ጃንጥላው ሙሉ እንዲበራ።

አሁን ዋናው ነገር፦ የጃንጥላውን መሐል ወደ ፊተኛው ረድፍ ሳይሆን ወደ ኋለኛው ረድፍ ፊት አነጣጥሩት። ወንበር ላይ የወጡት ልጆች የብርሃኑን መሐል ያገኛሉ፤ ጋቢ የለበሱት የሚያገኙት ጠርዙን ነው። ቅርብ ስለሆኑ ጠርዙ ይበቃቸዋል። ከስታንዱ ከፍታ ጋር ተደምሮ ይህ ዘዴ ሌላ መብራት ሳይጨመር ሁለቱን ረድፍ ያስታርቃል።

መነሻ፦ ኤፍ/5.6፣ 1/160፣ አይኤስኦ 800፣ ፍላሹ 1/4። አንድ አንሱና የካሜራውን የነጭ ማስጠንቀቂያ፣ ያን ብልጭ ድርግም የሚለውን፣ ጋቢው ላይ ተመልከቱ። እጥፋቱ ላይ ብቻ ብልጭ ካለ ደህና ነው፤ ደረቱ በሙሉ ከበለጨ ጃንጥላውን ከፍ አድርጉ እንጂ ወዲያው ኃይሉን አትቀንሱ፤ ኃይሉን ስትቀንሱ የኋለኛውም ረድፍ አብሮ ይጠቁራል። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ማንሳት እዚህ ላይ ይክሳል፤ የጠቆረ ፊት ጥቂት ይነሳል፣ የነጣ ጋቢ ግን አይመለስም።

ከጀርባ ያለው ጨለማ ገደል ከመሰለ ሹተሩን ወደ 1/60 አውርዱ፤ የቤቱ አምፖል ይገባል። ቀን ሰማያዊ ዳስ ውስጥ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፦ ወደ 1/200 ውጡ፣ ሰማያዊው ይደክማል። ካሜራችሁ ለፍላሽ ከሚፈቅደው ፍጥነት ካለፋችሁ ግን፣ ብዙዎቹ ላይ 1/200 ነው፣ የፎቶው አንድ ጠርዝ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ትሪገሩ የሬዲዮ ይሁን። ፍላሾቹ ሌላ ፍላሽ አይተው የሚተኩሱበት ኤስ1 እና ኤስ2 የሚባል ዘዴ አላቸው፤ ብቅ ባይዋን 1/32 ላይ አድርጋችሁ በእሷ ልታስተኩሱት ትችላላችሁ፤ ካሜራችሁ በአውቶ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ኤስ2ን ምረጡ፣ ቅድመ ብልጭታውን ይዘላል። ነፃ ነው፣ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሰርግ ላይ ግን ሌላ ፎቶ አንሺ ፍላሽ በተኮሰ ቁጥር የእናንተም አብሮ ይተኩሳል፤ እናንተ ስትፈልጉት ገና እየሞላ ይሆናል።

ባትሪ ላይ አትቆጥቡ። ለሬዲዮ የሚሸጠው ርካሹ የባትሪ ድንጋይ ፍላሽ ውስጥ ጥቂት ተኩሶ ይደክማል፤ ፍላሹ ለመሙላት 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይወስዳል። 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ 4 በአንዴ ይገባል፤ ሁለት ሙሉ ስብስብ ያዙ፣ አዲሱን ከአሮጌው አትቀላቅሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ጮቄ አካባቢ ደግሞ ይብሳል። በማታው ብርድ ባትሪ ይደክማል፤ ተለዋጩን ኪሳችሁ ውስጥ፣ ከሰውነታችሁ ጋር አስጠግታችሁ ያዙት።

ጃንጥላ ዳስ ውስጥ እንደ ጀልባ ሸራ ነው፤ ትንሽ ንፋስ ከገባ ስታንዱን ይጥላል። 4 ወይም 5 ኪሎ ድንጋይ በወፍራም ፌስታል አድርጋችሁ ስታንዱ እግር ላይ አንጠልጥሉ። ጃንጥላ ካጣችሁ 1 ሜትር ተኩል አቡጀዲ ወጥራችሁ ፍላሹን ከኋላው 1 ሜትር አርቃችሁ ብትተኩሱ ውጤቱ ይቀራረባል።

## ሁለት ፍላሽ

ከ15 ሰው በላይ በሆነ ቡድን አንዱ ጫፍ ይጠቁራል፤ ሁለተኛው ፍላሽ የሚገባው ያኔ ነው። ከካሜራው ግራና ቀኝ አቁማችሁ የግራውን ወደ ቀኝ ጫፍ፣ የቀኙን ወደ ግራ ጫፍ አነጣጥሩ፤ ሁለቱም እኩል ኃይል። መሐሉ ከሁለቱም ጠርዝ ያገኛል። ሁለቱን ወደ መሐል ካነጣጠራችሁ ግን ሙሽራው ነጥቶ ጫፍ ያሉት ሚዜዎች ይጨልማሉ፤ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

## የስቱዲዮ ፍላሽ

በሶኬት የሚሠራው ባለ 300 ዋት ሰከንዱ ፍላሽ ጉልበቱ ከማንዋሉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ቶሎም ይሞላል። ለአዳራሽ ምርቃትና ለስቱዲዮ ደግ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ከባድ ብረት ነው፤ ጄኔሬተር ከጨመራችሁበት ደግሞ አነስተኛ በጀት መባሉ ይቀራል።

## በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ዋጋ (አንድ ፍላሽ = 1) | የሚችለው | መብራት ሲጠፋ | የፊትና የኋላ ሚዛን | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| በርና አቡጀዲ | 0 – 0.1 | እስከ 20 ሰው | ይሠራል | ጥሩ | ቀን ብቻ |
| ብቅ ባይ ፍላሽ | 0 | እስከ 8 | ይሠራል | ደካማ | ጠፍጣፋ ፊት |
| ሪንግ ላይት | 0.3 – 0.5 | 1 – 2 | እንደ ዓይነቱ | ደካማ | ጉልበት የለውም |
| 60 ዋት ኤልኢዲ | 2 ገደማ | እስከ 8 | አይሠራም | መካከለኛ | ሶኬትና ዋጋ |
| ሁለት 100 ዋት ፓውዛ | 1 ገደማ | እስከ 15 | አይሠራም | መካከለኛ | ቀለምና መርገብገብ |
| ፍላሽ ወደ ኮርኒስ | 1.4 ገደማ | እስከ 15 | ይሠራል | በጣም ጥሩ | ነጭ ኮርኒስ ይፈልጋል |
| ፍላሽና ጃንጥላ | 2.5 – 3 | እስከ 15 | ይሠራል | በጣም ጥሩ | ንፋስ |
| ሁለት ፍላሽና ጃንጥላ | 4 – 4.5 | እስከ 25 | ይሠራል | በጣም ጥሩ | ጓዝና ባትሪ |
| የስቱዲዮ ፍላሽ | 3 እና ከዚያ በላይ | 25 እና ከዚያ በላይ | አይሠራም | በጣም ጥሩ | ኤሌክትሪክ |

1.4 ያልነው ባትሪና ቻርጀር ጨምረን ነው። የሰዎቹ ብዛት የተሰላው በሦስት ረድፍ ተጠጋግተው ሲቆሙ ነው፤ በአንድ ረድፍ ከተዘረጉ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱት።

## ለማን የትኛው?

ገንዘብ የሌለው ጀማሪ፦ አቡጀዲ ግዙ፣ ፎቶውን ቀን ላይ አስይዙ። ባለሰርጉን "የቤተሰብ ፎቶ ከምሳ በፊት ይሁን" ብሎ ማሳመን ገንዘብ የማይጠይቅ መብራት ነው።

በስልክ የሚያነሳ፦ ቀን በር፣ ማታ ሁለት ፓውዛ። ሪንግ ላይት ካላችሁ ለብቻ ፎቶ አስቀሩት።

የአንድ ፍላሽ ዋጋ ብቻ ያለው፦ ፍላሹንና ባትሪውን አሁን፣ ስታንድና ጃንጥላውን ከሁለት ሥራ በኋላ። እስከዚያ ከተማ ውስጥ ወደ ኮርኒስ፣ ገጠር ውስጥ በኤስ1 ዘዴ በአቡጀዲ በኩል። ገመድ አልባ ትሪገር በውስጡ ያለውን ሞዴል ብትመርጡ በኋላ መቀበያ አትገዙም።

ከመርዓዊ እስከ ቢቸና ገጠር ለገጠር የሚሠራ፦ አንድ ፍላሽ ከጃንጥላ ጋር፣ ባትሪ 12። በሶኬት የሚሠራ ነገር አትሸከሙ።

ለምርቃት አዳራሽ፦ ሁለት ፍላሽ፣ ወይም ኤሌክትሪክ አስተማማኝ ከሆነ አንድ የስቱዲዮ ፍላሽ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፦ አስተዳዳሪውን ሳትጠይቁ ምንም ፍላሽ አትተኩሱ፤ እንደ ዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የቆየ የግድግዳ ሥዕል ባለበት ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። የቡድኑን ፎቶ ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር አንሱት።

## ያገለገለ ፍላሽ ለሚገዛ

አራት ሙሉ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉ ኃይል ላይ አድርጋችሁ በተከታታይ 10 ጊዜ ተኩሱ፤ ለመሙላት ከ5 ሰከንድ ብዙ ካለፈ ውስጡ ደክሟል። ከ20 በላይ አትተኩሱበት፣ ይግላል፣ አንዳንዱም ራሱን ያጠፋል። የባትሪ ቤቱን ክፈቱና አረንጓዴ ዝገት ፈልጉ። ዙሙን ከ24 እስከ 105 አስሂዱት፤ ሞተሩ ከተንቀጫቀጨ ዋጋ አስቀንሱ። አናቱ ወደ ላይ ተዘንብሎ ሲቆም በራሱ ክብደት ከወደቀ ወደ ኮርኒስ መተኮሻ አይሆናችሁም።

የፊልም ዘመን አሮጌ ፍላሽ ከሆነ ደግሞ ካሜራችሁ ላይ አትሰኩት። አንዳንዶቹ በእግራቸው በኩል ከ200 ቮልት በላይ ይልካሉ፤ የዲጂታል ካሜራን ሰርኪዩት ያቃጥላል። ፍላሹን አብርታችሁ፣ እግሩ ሥር ባለው መሐለኛ ነጥብና በጎኑ ብረት መካከል በመልቲሜትር ለኩ። ከ6 ቮልት በላይ ካሳየ መልሱለት።